ግራጫው ካርድ

ሐመልማል ዘርጋው በዚያ ማክሰኞ ማለዳ የአርባ አንድ ጨቅላዎችን ዓይን ሠላሳ ዓመት ወደ ፊት አይታ ጨረሰችና ቁርሷን ለመብላት እጇን ታጠበች። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ዘጠኙ አረንጓዴ ወጥተዋል፤ ሁለቱ ቀይ። ለሁለቱ ወላጆች ደብዳቤ ጽፋ፣ ልጆቹ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የሚመጡበትን ቀን ቆርጣ ልካለች። የዕለት ሥራዋ ነው፤ ሃያ ዓመት ሠርታዋለች።

በሰመራ ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ከተረከዙ አንድ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ጠብታዋ በዓይን ማዕከሉ ምድር ቤት አንድ ግድግዳ ሙሉ ወደያዘው ማሽን ትገባለች። ሰው ሁሉ ዘር-አንባቢ ይለዋል፤ ልጁ ከእናትና ከአባቱ የወረሰውን ዘረመል ፊደል በፊደል እያነበበ ዓይኑን ወደ ፊት ምን እንደሚገጥመው ይናገራልና። ቀይ ካርድ የደረሰው ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ይጠራል። በየስድስት ወሩ ኮርኒያው፣ ማለትም ከብሌኑ ፊት ያለው እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን፣ ይለካል። መሳሳት ከጀመረ ቢጫ ጠብታ ይደረግበትና ማጽኛ ብርሃን በሚሉት ሐምራዊ ጨረር ሥር ግማሽ ሰዓት ይተኛል። ሽፋኑ ይጠነክራል፤ ልጁም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አረንጓዴ የደረሳቸው ወላጆች ደግሞ ካርዱን ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጠው ስለ ልጃቸው ዓይን ማሰብ ያቆማሉ። ኬራቶኮነስ የሚባለው በሽታ፣ ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚገፋበት፣ ከከተማዋ ከጠፋ ቆይቷል ይባል ነበር።

እንጀራዋን ገና ሳትቆርስ እንግዳ ተቀባዩ ከላይ ደወለላት።

«ዶክተር፣ ያቺ ሴትዮ ደግሞ መጥታለች። ልጅሽ አረንጓዴ ናት ብላት አልሰማም አለች። ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።»

ሐመልማል ወጣች። ሴትዮዋ ዘምዘም ኡመር ትባላለች፤ በሦስተኛው ጥላ ሸራ ሰፊ ናት። የሰመራ መንገዶች ከዳር እስከ ዳር በመስታወት ክር በተሠሩ ሰፋፊ ሸራዎች ተሸፍነዋል፤ ሸራዎቹ ፀሐዩን ለከተማው ኤሌክትሪክ እያደረጉ ለሰዉ ጥላ ይሰጣሉ፤ ሰፈሮቹም የሚጠሩት በየሸራቸው ነው። ክሩ ማሽን ሲነካው ስለሚሰበር የተቀደደው ሸራ የሚጠገነው በሰው እጅ፣ በመርፌ ነው። ዘምዘም ይህንን ሥራ ከእናቷ ወርሳ ለልጇ ለሂክማ እያስተማረች ነበር። ሂክማ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከእናቷ አጠገብ ቆማ፣ ወለሉ ላይ በመቀመጧ አፍራ፣ ወደ በሩ ታያለች።

«ዶክተር፣ አምስተኛ ጊዜዬ ነው» አለች ዘምዘም። «አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ አመጣኋት፤ አረንጓዴ ናት አላችሁኝ። አሥራ ሦስት ላይ አመጣኋት፤ አረንጓዴ ናት። መነጽር ስጧት አላችሁ፤ በሁለት ዓመት አራት መነጽር ቀየርን። ዛሬ ካላያችኋት ወላሂ ከዚህ አልነሳም።»

«ምን አይተውባት ነው ወይዘሮ ዘምዘም?»

«ዓይኗን ታሻለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ታሻለች። ስትተኛ እንዳታሽ እጇን በካልሲ አስርላት ነበር። አሁን ደግሞ የሰፋችው ሸራ ሦስት ጊዜ ፈርሶ ተመልሷል። የእኔ ልጅ ስፌት አይፈርስም ነበር።»

ሐመልማል ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ ምን ይታይሻል?»

«መርፌዋ ሦስት ሆና ትታየኛለች» አለች ሂክማ። «መሃለኛዋን እይዛለሁ። ብዙ ጊዜ እሷ ናት እውነተኛዋ።»

የኮርኒያ ካርታ፣ የሽፋኑን ቅርጽና ውፍረት የሚያሳየው ሥዕል፣ የሚነሳበት ክፍል በር የሚከፈተው ለቀይ ካርድ ብቻ ነው። ሐመልማል የሠራተኛ ካርዷን አስነክታ ከፈተችው። በልቧ ያሰበችው እናቲቱን ለማረጋጋት ነበር፤ ካርታውን አሳያታለሁ፣ ክብ መሆኑን ስታይ ትረጋጋለች ብላ። ሂክማ አገጯን በመደገፊያው ላይ አድርጋ ቀዩን ነጥብ አየች። መሣሪያው አንዴ ጠቅ አለ።

ጤነኛ ኮርኒያ በስክሪኑ ላይ ሲታይ እንደ ረጋ ውኃ ነው። የሂክማ ግን ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በቀኝም በግራም፣ እንደ ተራራ ጫፍ የሾለ ቀይ ነበረው። ውፍረቱ ከሥሩ ተጽፏል፦ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ማይክሮን። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ ጤነኛ ሰው አምስት መቶ አርባ ገደማ አለው። ማጽኛው ብርሃን ከአራት መቶ በታች ለሆነ ሽፋን አይሰጥም፤ አልፎ ገብቶ የውስጡን ዓይን ያቃጥላል።

ዘምዘም ስክሪኑን አላየችም። የሐመልማልን ፊት ነበር የምታየው።

«ነገ ጠዋት ኑ» አለች ሐመልማል። ድምጿ እንደ ወትሮው እንዲሆን ሞከረች። «አንድ ጠብታ ደም ልውሰድና ነገ ሁሉንም እነግራችኋለሁ።»

እናትና ልጅ ሲሄዱ የሐመልማል የመጀመሪያ ሐሳብ ስህተት አለ የሚል ነበር፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የዚህች ልጅ ጠብታ ከሌላ ሕፃን ጋር ተቀያይሯል። አዲሱን ደም ለዘር-አንባቢው ሰጠችው። ማሽኑ በአራት ደቂቃ መለሰ፦ አረንጓዴ። ደግማ ሰጠችው። አረንጓዴ።

እንግዲህ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሐመልማል ለዓመታት ማንም ከፍቶት የማያውቀውን ጥሬ ንባብ፣ ማሽኑ ቀለም ከመስጠቱ በፊት ለራሱ የሚጽፈውን፣ ከፈተች። ገጹ ረጅም ነው። ኮርኒያን የሚያጠነክሩትን ክሮች ከሚያሠራው ዘረመል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ አንድ ፊደል ተቀይሯል» ይላል ጽሑፉ። «ይህንን ለውጥ እስካሁን በማውቃቸው ሰዎች ላይ አላየሁትም። ይጎዳ አይጎዳ አላውቅም። ልጅቷን ሰው ይያት።»

ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር። «አላውቅም ያልኩት በደንብ ቁጥር ሰባት መሠረት አረንጓዴ ተብሏል። ደንቡን ያስገባው ባለሙያ፦ ሐመልማል ዘርጋው።»

ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ማሽኑ አልተበላሸም ነበር።

ሐመልማል ሥራ ስትጀምር ካርዶቹ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ማሽኑ አይቶት የማያውቀው ፊደል ሲገጥመው የሚሰጠው። ግራጫ ካርድ ይዞ የመጣው ችግር ግን ማንም ያልገመተው ነበር። ሰው ቀዩን ቻለው፤ ቀይ መድኃኒት አለው፣ ቀን አለው። ግራጫውን ግን ማንም አልቻለውም። ወላጆች በሩ ላይ ውለው ያድሩ ጀመር። «ታውቃላችሁ፣ ደብቃችሁን ነው» እያሉ ሠራተኛውን ይሰድባሉ። አንድ የሙሽራ ቤተሰብ የወንድሟ ልጅ ግራጫ ሆነ ብሎ ሠርጓ ሊደርስ አሥር ቀን የቀራትን ልጅ አልፈልግም አለ። በስተመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ሐመልማል ወደ ሥራ ስትገባ ደጃፉ ላይ የአርባ ቀን ሕፃን ተጥላ አገኘች። ግራጫ ካርዷ በመታቀፊያዋ ጨርቅ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ሕፃኗን አቅፋ ወደ ውስጥ የገባችው እሷ ናት። የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነበረች። በዚያው ሳምንት ደንብ ቁጥር ሰባትን ጻፈች፤ ዳይሬክተሩ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ግራጫ የሚባል ካርድ አልወጣም፤ በሩም ላይ ማንም አላደረም። ሕፃኗን ካገኘች ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የወሰዳት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣች። ዶክተር ልዑልሰገድ ማዕከሉን ያቋቋሙ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሪህ ያበጠውን እግራቸውን በዱካ ላይ ሰቅለው ያነብቡ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰሟት።

«ስንት ናቸው?» አሏት።

«በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አላውቅም ብሎ እኛ አረንጓዴ ያልናቸው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ልጆች ናቸው።»

«ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም።»

«አይደለም። አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም ይሆናል። አላውቅም።»

ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያቺን ሕፃን ረሳሻት ሐመልማል?»

«አልረሳኋትም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው? ለሁለት ሺህ ቤተሰብ አላውቅም ብለሽ ልትጽፊ? ስሚኝ። 'የካርድ እድሳት' ብለን እንጥራቸው። ማንም አይደነግጥም። ይመጣሉ፣ ካርታ እናነሳለን፣ የሳሳውን እናክማለን። የዳነው ይድናል። የዘገየው ደግሞ...»

«የዘገየው ምን ይባላል?»

«በሽታ ነው ይባላል። በሽታ አይደለም እንዴ?»

«እናቷ አምስት ጊዜ መጥታለች፣ ዶክተር። እሷ አይታዋለች። እኔ ግን ካርዷን ነበር የማየው።»

«አንቺ በሐዘኔታ ነው ያደረግሽው» አሉ ልዑልሰገድ ለስለስ ብለው።

«እሱ ነው የከፋኝ» አለች ሐመልማል፤ ተነስታም ወጣች።

በማግስቱ ዘምዘምና ሂክማ በሰዓታቸው መጡ። ሐመልማል በሩን ዘግታ፣ ሌሊቱን ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ፣ እንደመጣላት ነገረቻቸው። የበሽታውን ስም፣ የሽፋኑን መሳሳት፣ ማሽኑ አላውቅም ማለቱን፣ ያንን ቃል ወደ አረንጓዴ የለወጠችው እሷ መሆኗን። ዘምዘም አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። መጀመሪያ የተናገረችው ሂክማ ናት።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ብታነሱት ኖሮ፣ ያንን ካርታ፣ ይቆም ነበር?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በጠብታና በብርሃን።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

ሐመልማል ልትዋሽ አሰበች። ደቂቃውን ማብዛት፣ ሕመም መጨመር፣ ቀዶ ሕክምና ማስመሰል ትችል ነበር። «ግማሽ ሰዓት» አለች።

ሂክማ ሳቀች። አጭር፣ የደረቀ ሳቅ ነበር። «ግማሽ ሰዓት» ብላ ደገመች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አሁንስ?» አለች ዘምዘም። «አሁን ምን ይደረጋል? በዚህ ዘመን ጉበት ይበቅላል፣ ልብ ይበቅላል። ዓይን አይበቅልም?»

«ይበቅላል። ግን የሚበቅለው ከራሷ ሕዋስ ነው፤ ያው የተቀየረ ፊደል ስላለበት መልሶ ይሳሳል። ፊደሉን እንዳናርመው ደግሞ ሥራውን ገና አላወቅነውም፤ ያልታወቀ ፊደል መንካት ክልክል ነው። የሚሆናት ከሌላ ሰው የተገኘ ኮርኒያ ነው። ሰው አሁን ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ሲሞትም አርጅቶ ነው። ተራው አሥራ አንድ ዓመት ይወስዳል። እስከዚያ ዓይኗ ላይ የሚደረግ ጠጣር ሌንስ እንሠራላታለን።»

«የእኔን ስጧት።»

«ወይዘሮ ዘምዘም...»

«አንዱን። አንድ ይበቃኛል። ሸራ በአንድ ዓይንም ይሰፋል።»

«ሕጉ በሕይወት ካለ ሰው መውሰድ አይፈቅድም።»

«ሕጉን አልጠየቅሁሽም!» አለች ዘምዘም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ስትላት የነበረችው ሴት ያኔ ነው አንቺ ማለት የጀመረችው፤ ከዚያ በኋላም አልመለሰችውም። «ደሜን ውሰጂና እዪ። የሚሆናት እንደሆነ ሕጉን እኔ እለምናለሁ።»

ሐመልማል ወሰደች። ማሽኑ ያንኑ ፊደል በዘምዘምም ላይ አገኘው፤ ስለዚህ የእሷም ኮርኒያ ለልጇ አይሆንም። እሷ ተሸክማው አርባ አራት ዓመት ኖራለች፤ ዓይኗ ግን ቀጭኑን የመስታወት ክር ያለ መነጽር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባል። ለምን እናቲቱን ትቶ ልጅቱን እንደያዘ ማሽኑ አያውቅም፤ ሐመልማልም አታውቅም። ምናልባት ዓይኗን ማሸቷ ይሆናል። ምናልባት አባትየው ያወረሳት ሌላ ነገር አለ።

«ከእኔ ነው ያገኘችው ማለት ነው» አለች ዘምዘም።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች ዘምዘም ቀና ብላ። «የማን እንደሆነ ነግረሽኛል። እኔ ካንቺ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ። አምስት ጊዜ ስመጣ፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ይቺ ሴትዮ ምን አይታ ይሆን ብለሽ አላሰብሽም?»

በዚያ ማዕከል ማሽኑን የምትጠይቀው ሐመልማል ነበረች፤ ማሽኑም ልጅቷን ሰው ይያት ብሎ መልሶ ወደ እሷ ልኳት ነበር። በመካከላቸው የቆመችውን እናት ግን ማንም አልጠየቃትም። «አላሰብሁም» አለች።

ዘምዘም ልጇን በክንዷ ይዛ ወጣች።

ሐመልማል በዚያ ሳምንት የልዑልሰገድን ምክር አልተቀበለችም። አሥራ ስምንት ዓመት በውሸት ኖሬአለሁ፣ አሁን በውሸት አልጠራቸውም አለች። በራሷ ስም ለአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ቤተሰብ ጻፈች። «የልጃችሁ ካርድ አረንጓዴ መሆን አልነበረበትም። ማሽኑ አላውቅም ብሎ ነበር። አላውቅም ያለውን ደህና ነው ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። እባካችሁ ልጃችሁን አምጡና ይታይ።» ደብዳቤው በወጣ በማግስቱ ከሥራ ታገደች፤ የጠበቀችው ነበርና አላዘነችም። የካርታ ክፍሉ ግን ለሚመጣው ሁሉ እንዲከፈት ልዑልሰገድ ፈቀዱ። በሩ እንዳይሰበር ሁለት ጠባቂ ጨመሩ።

በሩን የሰበረ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ ሰው መጣ፤ በሁለተኛው ሠላሳ። በወሩ መጨረሻ የመጡት ሦስት መቶ ስድስት ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ሃያ ሰባቱ ኮርኒያቸው መሳሳት ጀምሮ ተገኘ፤ ሃያ አራቱ በጊዜ ነበርና ብርሃኑ ሥር ተኝተው ዳኑ። ሦስቱ እንደ ሂክማ ዘግይተዋል። የቀሩት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስምንት ቤተሰቦች አልመጡም።

ሐመልማል ደብዳቤው አልደረሳቸው ይሆናል ብላ በእግሯ ዞረች። ደርሷቸዋል። በአራተኛው ጥላ አንድ አባት ደብዳቤዋን በአንድ እጁ፣ አረንጓዴውን ካርድ በሌላው ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ወደ ማዕከሉ ደውዬ ጠይቄአለሁ» አላት። «ማሽኑ ራሱ ነው የመለሰልኝ። 'ካርድዎ አረንጓዴ ነው፣ አይሥጉ' አለኝ። አንቺ ከሥራ የተባረርሽ ሰው ነሽ አሉ።»

«ማሽኑ እንደዚያ እንዲል ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደንቡ ገና አልተነሳም፤ የማዕከሉ ቦርድ እስኪሰበሰብ...»

«ደብዳቤሽ ላይ አላውቅም ነው የምትዪው። የማያውቅን ሰው ሰምቼ ልጄን ላስደነግጥ?» ብሎ በሩን ዘጋ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሲዘጋ እንኳን በቀስታ ነው የዘጋው።

እንዲህ ዓይነት በር ብዙ ገጠማት። አንዳንዱ ሰደባት፤ አብዛኛው ግን አዘነላት፣ ውኃ ሰጣት፣ አዳመጣት፣ ልጁን ግን አላመጣም። አንድ ቀን ደክሟት ልዑልሰገድ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ወቀሳ አልጀመሩም፤ ወንበር አሳዩዋት። ራሷ ጠየቀች።

«እድሳት ብዬ ብጠራቸው ኖሮ ይመጡ ነበር አይደል?»

«ሁሉም» አሉ ልዑልሰገድ። «በአንድ ሳምንት ውስጥ።»

እውነት መሆኑን አወቀች። አዝና ስትዋሽ ልጆች ተጎዱ፤ ተጸጽታ እውነቱን ስትናገር ደግሞ ሌሎች ሊጎዱ ነው። አንዴ ደህና ነው የሚለውን የቀመሰ ሰው አላውቅም የሚለውን አይበላም፤ ያስለመደችውም እሷ ናት።

ሂክማ በዚያ ወር ጠጣሩን ሌንስ አደረገች። ሌንሱ ፊት ይለይላታል፤ መንገድ ያሻግራታል። መርፌውን ግን አልመለሰላትም። ሰፊዎቹ አውጥተው አልጣሏትም፤ የተቀደደውን ሸራ በጣቷ እየዳበሰች ቀዳዳውን አግኝታ ምልክት ታደርጋለች፣ ሌሎቹ ይሰፋሉ። እጇ ጎበዝ ነው ይሏታል። ከእናቷ ጋር ግን ብዙ አታወራም። ዘምዘም ለምን እንደማታወራ አንድ ቀን ስትጠይቃት ሂክማ፣ «አንቺ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ያኔ ወለሉ ላይ አልተቀመጥሽም? አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ?» ብላት ነበር። ዘምዘም ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ በማግስቱ ግን የሐመልማልን ቤት ጠይቃ መጣች።

ሐመልማል በሩን ስትከፍት ደነገጠች። ዘምዘም አልገባችም።

«ሰዉ አልመጣም አሉ።»

«አልመጣም።»

«ዝርዝሩን አምጪ።»

«ወይዘሮ ዘምዘም፣ እኔ...»

«ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ዝርዝሩን አምጪና ተከተይኝ። ስንደርስ ውጪ ትቆሚያለሽ። አንቺ ስታንኳኪ ሐኪም ነው የሚታያቸው።»

ከስምንተኛው ጥላ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቤት በሩ ክፍት ነበር። ከዲጃ የምትባል ወጣት ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሹሩባ ትሠራለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐመልማልን በትሕትና የመለሰቻት ሴት ናት። ሐመልማል ከመንገዱ ማዶ፣ ሸራው ተቀዶ ፀሐይ በምትወርድበት ቦታ ቆመች፤ ሌላ መቆሚያ አልነበረም። ከዚያ ሆና ድምፃቸው ይሰማታል።

ዘምዘም ሰላምታ ሰጥታ ሳትጋበዝ አጠገቧ ተቀመጠች። ስለ ካርድ አላነሳችም። ስለ ማሽንም። የልጅቷን ፊት ትንሽ አየችና፣ «ዓይኗን ታሻለች?» አለች።

«ማን? እሷ?» አለች ከዲጃ። «ልጅ ሁሉ ያሻ የለ።»

«በጣቷ ነው በቡጢዋ?»

የከዲጃ እጅ ሹሩባው ላይ ቆመ። «በቡጢዋ» አለች። «እንዲህ አድርጋ፣ ተጭና።»

«ጠዋት ጠዋት ይብስባታል?»

«ጠዋት... አዎ።»

«ስታነብ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታዘምማለች?»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች። «እኔ አመል ነው ብዬ ስቆጣት ነበር» አለች ከዲጃ፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ለማንም አልተናገርሁም። አንቺ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እኔም ቤት ነበር።»

«ያንቺዋ አሁን ዳነች?»

ከመንገዱ ማዶ ሐመልማል ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«አልዳነችም» አለች ዘምዘም።

ከዲጃ ሹሩባውን በግማሹ ተወችው። ወደ ውስጥ ገብታ የልጅቷን ጫማ ይዛ ወጣች፣ ተንበርክካ አደረገችላት፣ እጇን ያዘችና ተነሳች። ሻሽ እንኳን አላሰረችም። ወደ ማዕከሉ ለመሄድ መንገዱን ሲሻገሩ ሐመልማል አጠገብ ደረሱ። ከዲጃ አየቻትና አስታወሰቻት።

«አንቺ ቀድመሽ መጥተሽ የነበርሽው ነሽ አይደል?» አለች። «ከማዕከሉ ነኝ ያልሽው። ማነሽ አንቺ?»

«የልጅሽን ካርድ አረንጓዴ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች ሐመልማል።

ከዲጃ የልጇን እጅ ከቀኝ ወደ ግራ ቀየረች፤ ልጅቷን ከሐመልማል በወዲያኛው በኩል አድርጋም መንገዷን ቀጠለች።

ዘምዘም ከደጃፉ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ቀጣዩ ቤት የት ነው?» አለች።